ከሮቦት መኪና የተረፈ ቦርድ የውሃ ፓምፕ ማዘዝ ይችላል?

የአንባቢ ጥያቄ፦ «ቤታችን ከለገጣፎ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ታች ያለው ሮቶ ሲሞላ ከእንቅልፋችን ተነስተን ፓምፕ እናበራና ጣራ ላይ ወዳለው ሮቶ እንገፋለን። ማጥፋት ስንረሳ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል። ልጄ ባለ አራት ጎማ ሮቦት መኪና ነበረው። ጎማዎቹና ሞተሮቹ አልቀዋል። ቦርዱ ግን ደህና ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ መብራቱ ይበራል። ላዩ ላይ ‹ኡኖ› የሚል ጽሑፍ አለ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ብረት የተደገፈ ኤል298 የሚል ትልቅ ቺፕ። ይህን ቦርድ ፓምፑን በራሱ እንዲያበራና እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል? አንድ ጠጋኝ ‹ለሮቦት ብቻ ነው የተሠራው፣ ሌላ ነገር አይቀበልም› አለኝ። የልጄ ጓደኛ ደግሞ ‹የሞተር መውጫ አለው፣ ፓምፕም ሞተር ነው፣ እዚያው ላይ ማሰር ነው› ይላል። ብሉቱዝም ስላለው ከሥራ ቦታ ሆኜ በስልኬ ባዘው ደስ ይለኛል።»

ሁለቱም አልመቱትም። ጠጋኙ ቦርዱን አሳንሶታል፤ የልጅዎ ጓደኛ ደግሞ አጋኖታል። የጠጋኙ ስህተት ቢበዛ ጥሩ ዕቃ ያስጥላል። የሁለተኛው ግን ቦርድ ያቃጥላል፤ ከባሰም ሰው በኤሌክትሪክ ያስይዛል። ስለዚህ አንድም ሽቦ ከማሰርዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

ከጠጋኙ ልጀምር። እሱ ያለው ዓይነት ቦርድ አለ። በርካሽ መጫወቻዎች ውስጥ ፕሮሰሰሩ በጥቁር ሙጫ ጠብታ ተሸፍኖ ቦርዱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። እሱን እንደገና ፕሮግራም ለማድረግ መድከም አያዋጣም። የእርስዎ ግን ሌላ ነው። ቦርዱን ብርሃን ላይ ያዙና 328ፒ የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ቺፕ ይፈልጉ። ወይ ረዘም ያለ ባለ 28 እግር ነው፣ ወይ ትንሽ አራት ማዕዘን ባለ 32 እግር። ኤቲሜጋ328ፒ ይባላል። ይህ ቺፕ ስለ ሮቦት የሚያውቀው ነገር የለም። 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማስቀመጫ አለው፤ መኪናዋን ሲነዳት የነበረው እዚያ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ብቻ ነው። አዲስ ሲጭኑበት አሮጌው ይጠፋል፤ ቺፑም አዲሱን ሥራ ይዞ ይነሳል። አምራቹ ይህ ማስቀመጫ 10000 ጊዜ ቢጻፍበት እንደሚችል ነው የሚገልጸው፤ ስለዚህ እየሞከሩ ማረም አያሳስብዎት።

እንዲያውም የሮቦት ቦርድ መሆኑ ይጠቅምዎታል። ባዶ አርዱዊኖ (እንደ እርስዎ ኡኖ ያለ ፕሮግራም የሚጫንበት ቦርድ) ቢገዙ የሞተር ሾፌሩን፣ ማለትም ለሞተሮቹ ኃይል የሚሰጠውን ኤል298፣ የኃይል ማስገቢያውንና በብሎን የሚታሰሩትን የሽቦ መያዣዎች ለየብቻ ማሟላት ይኖርብዎት ነበር። እርስዎ ዘንድ ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጧል።

አሁን «መብራቱ ይበራል» ወደሚለው። መብራቱ መታየቱ ቦርዱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ያ ትንሽ ኤልኢዲ የሚናገረው 5 ቮልት መድረሱን ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሞቶም ይበራል። እውነተኛው ፈተና አዲስ ፕሮግራም መቀበሉ ነው። አርዱዊኖ አይዲኢ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። ከምሳሌዎቹ ውስጥ ብሊንክ የሚለውን ከፍተው ወደ ቦርዱ ይላኩ። ዲ13 (13 ቁጥር ፒን፣ ማለትም የቦርዱ የሽቦ መሰኪያ) ላይ ያለው ኤልኢዲ በየሰከንዱ ብልጭ ድርግም ካለ ቦርዱ በሕይወት አለ።

እምቢ ቢል ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። ብዙ ደህና ቦርድ የሚጣለው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። መጀመሪያ ገመዱን ይቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያሳልፉ የዩኤስቢ ገመዶች ሞልተዋል። ቀጥሎ በዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ ያለውን ቺፕ ይመልከቱ። ሲኤች340 የሚል ከሆነ ኮምፒውተርዎ የእሱን ድራይቨር ሊጠይቅ ይችላል። ሦስተኛው ምክንያት በሮቦት ቦርዶች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ነው። የብሉቱዝ ሞጁሉ ብዙውን ጊዜ የሚሰካው ፒን 0 እና ፒን 1 ላይ ነው። ዩኤስቢውም ፕሮግራም የሚልከው በእነዚሁ ሁለት ፒኖች ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲናገሩ ጭነቱ ግማሽ ላይ ይቆምና ቦርዱ የተበላሸ ይመስላል። ሞጁሉን ነቅለው እንደገና ይሞክሩ። ለልጁ የድሮውን ፕሮግራም ማስቀረት ከፈለጉ ደግሞ ምንም ከመላክዎ በፊት ኤቪአርዲዩድ በተባለው ሶፍትዌር አንብበው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡት። የሚያገኙት የማሽን ኮድ ነው፤ መልሶ ለመጫን እንጂ ለማረም አይሆንም።

ብሊንክ ከሠራ ቀጣዩ የሞተር ሾፌሩን የሚያዙት ፒኖች የትኞቹ እንደሆኑ ማወቅ ነው። የመኪናዋ መመሪያ ወረቀት ካለ እዚያ ላይ ተጽፏል። ከሌለ ኃይል ያቋርጡ፣ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ድምፅ በሚያሰማው መፈተሻ ላይ ያድርጉት። ኤል298 በረድፍ የቆሙ 15 እግሮች አሉት። 5ኛው፣ 7ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው ትእዛዝ መቀበያ ናቸው። 6ኛውና 11ኛው ሁለቱን መስመሮች የሚከፍቱና የሚዘጉ ናቸው። የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ እነዚህ ላይ፣ ሌላውን ከ2 እስከ 13 ባሉት ፒኖች ላይ በየተራ ያስነኩ፤ ጢጥ ያለበትን ይጻፉ። አንዳንድ ቦርዶች በመሃል ሌላ ትንሽ ቺፕ ስለሚያስገቡ ሁሉም እግር ላይጮህ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፒኖቹን አንድ በአንድ በፕሮግራም እያበሩ መውጫው ላይ ቮልት መለካት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ሥራ አይደለም። የሚሠሩትን ወረቀት ግን አይጣሉት፤ ከቦርዱ ጋር አብሮ ይኑር።

የልጅዎ ጓደኛ ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሮቦቱ ላይ ያሉት ሞተሮች በባትሪ የሚሠሩ የዲሲ ሞተሮች ናቸው። ኤል298 ለአንድ መስመር ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 2 አምፔር ነው፤ እሱም በደንብ ሲቀዘቅዝ። በዚያ ላይ ከሚገባው ቮልት ወደ 2 ቮልት የሚጠጋውን፣ ጭነቱ ሲበዛ ከዚያም በላይ፣ ራሱ ይበላዋል። ያ የብረት መደገፊያ የተለጠፈበት ለዚህ ነው። የእርስዎ ፓምፕ ግን የሚሠራው በ220 ቮልት ኤሲ ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ እየሠራ ሳለ ከ2 እስከ 3 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ የዚያን 4 እና 5 እጥፍ፣ አንዳንዴም የበለጠ ይስባል። የቦርዱ መውጫ ይህን ፓምፕ በምንም መንገድ አያስነሳውም። የባሰው ደግሞ አንድ ሰው ተሳስቶ የ220 መስመር ወደዚያ መውጫ ያገናኘ ዕለት ነው። ቦርዱ በሙሉ፣ በዩኤስቢ የተያያዘው ኮምፒውተርም ጭምር፣ 220 ቮልት ይሸከማል። የነካው ሰው ይያዛል።

«እሺ፣ በመሃል ሪሌይ እናስገባ» ማለትዎ አይቀርም፤ ሪሌይ በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቅ መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ዝርዝሩ ግን ያሳስታል። ሱቅ ሲሄዱ የሚሰጥዎት ትንሿ ሰማያዊ ሪሌይ ናት፤ ላይዋ ላይ 10 አምፔር 250 ቮልት ይላል። ፓምፑ 3 አምፔር ስለሆነ ይበቃል ብለው ያስባሉ። ያ ቁጥር ግን የተሰጠው እንደ አምፖልና ምድጃ ላለ ጭነት ነው። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይልና ሲጠፋ የሚፈጥረው ብልጭታ ኮንታክቶቹን፣ መስመሩን የሚያገናኙትን ብረቶች፣ ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። የሞተ ሰማያዊ ሪሌይ ሽፋኑን በቢላ ቀስ ብለው ቢከፍቱት ውስጡን ያዩታል። ሁለቱ ኮንታክቶች ጠቁረዋል፤ ጫፋቸው ቀልጦ እንደ ተበየደ ብረት ተጣብቀዋል። ቦርዱ «አጥፋ» ብሏል፣ የሪሌዩ ኤልኢዲ ጠፍቷል፣ ፓምፑ ግን እየሠራ ነው። ሌሊት ከሆነ ደግሞ የሚያውቀው የለም። እርስዎ ሊሸሹት የፈለጉት በግድግዳ የሚወርደው ውሃ በዚህ በኩል ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተር፣ ማለትም ለሞተር የተሠራ ጠንካራ ሪሌይ፣ መሆን አለበት። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሁሉ ያውቁታል። 220 ቮልት ኮይል (ማብሪያውን የሚስበው የሽቦ ጥቅል) ያለው፣ በሞተር ደረጃ፣ ማለትም ኤሲ-3 በሚባለው፣ 9 አምፔር የሆነው ትንሹ ኮንታክተር ለግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ከበቂ በላይ ነው። ትንሿ ሪሌይ የምታዘው የኮንታክተሩን ኮይል ብቻ ይሆናል። ኮይሉ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ሪሌይዋ ለረጅም ጊዜ ትኖራለች። ኮይሉ ሲለቀቅ የሚፈጥረው ብልጭታ ግን ፕሮሰሰሩን ሊያደናግር ይችላል። በኮይሉ ሁለት ጫፎች ላይ 100 ኦህም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ይታሰርበት። ካፓሲተሩ ኤክስ2 የሚል ምልክት ያለው፣ ለመስመር ኃይል የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራው አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ቦርዱ ውሃው እንዳይፈስ የሚከለክል ብቸኛ ነገር መሆን የለበትም። ፕሮግራም ይሳሳታል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ መብራት በመጣና በሄደ ቁጥር ቦርድ ይደናገራል። ለጥበቃ የሚታመነው ተንሳፋፊ ማብሪያው ነው፤ ፍሎት ስዊች የሚሉት ውሃው ሲያነሳው የሚከፍት ወይም የሚዘጋ። አንዱ ጣራ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ሆኖ ሲሞላ መስመሩን ይቆርጣል። ሌላው ታች ባለው ሮቶ ውስጥ ሆኖ ውሃው ሲያልቅ ይቆርጣል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሁለት ተንሳፋፊና አንድ ኮንታክተር ያለ ምንም ቦርድ ሥራውን ይሠራሉ። ፍላጎትዎ ይህ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ። ቦርዱ የሚጨምርልዎት ጊዜን ነው፦ መብራት እንደመጣ ጥቂት መጠበቅ፣ ፓምፑ ከልክ በላይ ከቆየ ማቆም፣ ችግር ሲኖር መጮህ። እኔ እነዚህ ይጠቅማሉ ባይ ነኝ፤ በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር።

ሁለቱን የማጣምርበት መንገድ ይህ ነው፤ የሞተር መውጫውም ሥራ ያገኛል። የቦርዱን የሞተር ማስገቢያ በ12 ቮልት አዳፕተር ይመግቡ። ከኤል298 አንድ መስመር የሚወጣው ሽቦ ጣራ ላይ ወዳለው ተንሳፋፊ ይሂድ፣ ከእሱ ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ደግሞ 12 ቮልት ኮይል ወዳለው ሪሌይ። የኮይሉ ሌላኛው ጫፍ ወደዚያው የሞተር መውጫ ሁለተኛ ብሎን ይመለስ። ኮይሉ ኃይል የሚያገኘው ቦርዱ ሲፈቅድ፣ የላዩ ሮቶ ሳይሞላና የታችኛው ሳያልቅ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው። ኤል298 2 ቮልት ቢበላ ኮይሉ ላይ 10 ቮልት ይቀራል፤ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ በአብዛኛው 9 ቮልት አካባቢ ይነሳልና ይበቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሮቶ ውስጥ የሚገባው 12 ቮልት ብቻ ይሆናል። የምትጠጡት ውሃ ውስጥ 220 ቮልት የተሸከመ ገመድ አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። የሮቦት ቦርዶች የኮይልን ብልጭታ የሚውጡ ዳዮዶች አሏቸው፤ እርስዎ ግን በቦርዱና በኮይሉ መሃል ተንሳፋፊዎችን አስገብተዋል። ተንሳፋፊው መሃል ላይ ሲቆርጥ የቦርዱ ዳዮድ አይደርስለትም። ስለዚህ 1ኤን4007 የሚባለውን ዳዮድ ራሱ ኮይሉ ላይ ያድርጉ፤ ነጭ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ። አዳፕተሩንም ከመሰካትዎ በፊት በመልቲሜትር ይለኩት። አንዳንድ አሮጌ ባለ ትራንስፎርመር አዳፕተሮች 12 ተብለው ያለ ጭነት 16 ቮልት ይሰጣሉ። ቦርድዎ ላይ የተጻፈው የላይኛው ገደብ 12 ከሆነ ያ አይሆንም።

ቦርዱ ራሱ የውሃውን ከፍታ እንዲያውቅ ደግሞ የሮቦቱን ሁለት ዓይኖች፣ በድምፅ ርቀት የሚለካውን ኤችሲ-ኤስአር04ን፣ ሮቶ ክዳን ላይ መስቀል የሚያምር ሐሳብ ነው። እኔ አልመክርም። ከ2 ሳንቲሜትር እስከ 4 ሜትር ይለካል፣ ለመኪናዋ በቂ ነበር። በተዘጋ ሮቶ ውስጥ ግን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ሥር ጤዛ ይይዛል፤ ጠብታው ዓይኑ ላይ ያርፋል፤ ንባቡ ይዘላል። ጥቂት ቆይቶም ይዝጋል። ውሃ የማይገባው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የሚባል ዓይነት አለ፤ እሱ ግን ከ20 እና 25 ሳንቲሜትር ቅርብ ያለውን አያይም፣ ሙሉ ሮቶን ለማወቅ የሚያስፈልግዎት ደግሞ ያ ነው። በተጨማሪም የዚህ ዓይነት ሲግናል ከፓምፕ ገመድ ጎን ለጎን ከጣራ እስከ ምድር ቤት ሲወርድ ሁካታ ይለቅማል። ዓይኖቹን ለልጅዎ ሌላ ሥራ ይተዉለት።

ይልቁንም፣ መስመሩን ከሚቆርጡት ሁለት ትልልቅ ተንሳፋፊዎች ሌላ፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ተንሳፋፊዎችን፣ ማግኔት ያለባቸውን፣ ሦስት ይግዙና ከቦርዱ ፒኖች ጋር ያገናኙ። አንዱ በላይኛው ሮቶ ከፍታ አንድ ሦስተኛ ላይ «ጀምር» የሚል፣ ሌላው ከትልቁ መቁረጫ ትንሽ ዝቅ ብሎ «በቃ» የሚል፣ ሦስተኛው ታችኛው ሮቶ ውስጥ «ውሃ አለ» የሚል። በ«ጀምር»ና በ«በቃ» መሃል ርቀት መኖሩ ፓምፑ በየደቂቃው እየተነሳ እንዳይጠፋ ነው። ሽቦው ረጅም ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የፑልአፕ ሬዚስተር (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስበውን) አይመኑ፤ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦህም ስለሆነ በዚህ ርቀት ደካማ ነው። ከእያንዳንዱ ፒን ወደ 5 ቮልት 1 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር ከውጭ ያድርጉ። ሽቦውንም ከፓምፑ ገመድ በተለየ ቱቦ ያውርዱት።

ፕሮግራሙ ረጅም አይደለም፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። መብራት ሲመጣ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ፓምፑን ለ5 ደቂቃ እንዳይነካ ያድርጉት። አንድ ተንሳፋፊ ሁኔታውን ቢቀይር ቢያንስ 3 ሰከንድ እንደዚያው መቆየቱን ሳያረጋግጥ አይመን፤ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ይናወጣል። ከዚያ ገደብ ያስቀምጡለት። ፓምፑ በደቂቃ 25 ሊትር ቢገፋ 1000 ሊትር በ40 ደቂቃ ይሞላል፤ 50 ደቂቃ ሞልቶት «በቃ» ካልመጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ያቁም፣ ይጩህ፣ ሰው መጥቶ ቁልፍ ሳይጫን እንደገና አይነሳ። ታችኛው ሮቶ በመሃል ካለቀ ግን ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቆጠራውን አቁሞ ፈረቃው እስኪመለስ ይጠብቅ። ሦስተኛው ተንሳፋፊ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የጊዜ አቆጣጠሩ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአርዱዊኖ ሚሊሰከንድ ቆጣሪ በየ49 ቀን ከ17 ሰዓቱ ገደማ ወደ ዜሮ ይመለሳል። «አሁን ያለው ጊዜ ከዚህ ቁጥር በልጧል ወይ?» ብለው ከጻፉ በዚያ ቀን ይሳሳታል። «አሁን ሲቀነስ የጀመርኩበት ጊዜ» ብለው በ32 ቢት ያለ ምልክት ቁጥር ካሰሉት ምንም አይሆንም። ዎችዶግ የሚባለውንም ይክፈቱ፤ ፕሮግራሙ ቢቆም ቢበዛ በ8 ሰከንድ ቦርዱን ዳግም ያስነሳዋል። ዳግም ሲነሳ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ፒኖች ለአፍታ ማንንም አያዙም። በዚያች ቅጽበት ሪሌዩ እንዳይነሳ፣ የመረጡትን የሞተር መስመር የሚከፍተውን ፒን በ10 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ይሳቡት። ዲ13 ላይ የተያያዘውን መስመር አይምረጡ፤ ቡትሎደሩ (ቺፑ ውስጥ ያለው የመነሻ ፕሮግራም) ሲነሳ ያንን ፒን ያብለጨልጨዋል።

ከሮቦቱ ጋር የመጡትን 18650 ባትሪዎች ይህ ሥራ ውስጥ አያስገቡ። ሊቲየም ባትሪ ቀንና ሌሊት አዳፕተር ላይ ተሰክቶ፣ ፀሐይ በሚያሞቀው ሳጥን ውስጥ፣ ማንም ሳያየው መቀመጥ የለበትም። መብራት ከሌለ ፓምፑም አይሠራም፤ ባትሪው የሚያተርፍልዎት የለም።

ስልኩን በተመለከተ አጭር ነው። ብሉቱዙ 10 ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው፤ ግድግዳ ሲኖር ያንሳል። ከሳሎን ሆነው «የላዩ ሞልቷል፣ የታቹ አልቋል» የሚል ለማየት ይሆናል። ከሥራ ቦታ አይሆንም። ሲም ካርድ የሚወስዱ እንደ ሲም800ኤል ያሉ ሞጁሎች በአጭር መልእክት ሊነግሩዎት ይችላሉ። ነገር ግን ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋሉ፣ ሲልኩም ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባሉ። ከቦርዱ 5 ቮልት ላይ ማሰር ሁለቱንም ያበላሻል፤ የራሱ ኃይል ያስፈልገዋል። ቢጨምሩትም ወሬ እንዲነግርዎት ብቻ እንጂ ፓምፕ እንዲያስነሳ አይፍቀዱለት። ማንም ቤት ሳይኖር፣ ምን እንደሆነ ሳይታይ፣ ከሩቅ ፓምፕ ማስነሳት ጥሩ አይደለም። ለመጀመሪያው ጊዜ ጭራሽ ይተዉት።

ስለ ፓምፑ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ታችኛው ሮቶ መሬት ውስጥ የተቀበረ ከሆነና ፓምፑ ከላይ ሆኖ የሚስብ ከሆነ፣ ካታሎጉ ላይ 8 ሜትር የሚለውን አይመኑ። እዚህ ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ ነን። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው፤ የመሳብ አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቦርዱ «ፓምፑ 50 ደቂቃ ሠርቶ አልሞላም» እያለ ቢያስቸግርዎ ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ላይሆን ይችላል።

የ220 ቮልቱን ክፍል፣ ማለትም ኮንታክተሩን፣ ብሬከሩንና ኧርዙን፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ከሌለዎት አሁን ያስገቡ፤ ከቦርዱ በፊት የሚቀድም ወጪ ነው። ኮንታክተሩና ቦርዱ በአንድ ሳጥን ውስጥ ቢሆኑ እንኳ በመሃላቸው መለያ ይኑር፤ የ12 ቮልት ሽቦ ከ220 ሽቦ ጋር አይተሻሽ። ሳጥኑ ክዳን ያለው፣ የሽቦ መግቢያው የተደፈነ ይሁን፤ ጉንዳንና በረሮ ሞቅ ያለ ሰርኪዩት ይወዳሉ። ልጅዎ ፕሮግራሙንና የ12 ቮልቱን ወገን ይሥራ፣ ጥሩ መማሪያ ነው። ሳጥኑ ሲዘጋ ግን የ220ው ወገን የእሱ እጅ የማይደርስበት መሆን አለበት።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ቦርዱን አይጣሉት፣ ፓምፑንም በቀጥታ አያስሩበት። መጀመሪያ ኮንታክተሩን፣ ሪሌዩንና ሁለቱን ትልልቅ ተንሳፋፊዎች፣ ተንሳፋፊዎቹ በ12 ቮልት ብቻ ሆነው፣ ያለ ቦርድ፣ አሠርተው ጥቂት ፈረቃዎች ይጠቀሙበት። እሱ ያለ ችግር ከሠራ ቦርዱን በመስመሩ ላይ ይጨምሩ፤ ቢበላሽ አልፈውት የሚሄዱበት ማብሪያም አብሮ ይኑር። ያ ማብሪያ ቦርዱን ብቻ ይለፍ፤ ተንሳፋፊዎቹን እንዳያልፍ ኤሌክትሪሺያኑ ያረጋግጥ።

ፓምፑን ከማገናኘትዎ በፊት ኮንታክተሩ ላይ በፓምፑ ቦታ አንድ ተራ አምፖል ያገናኙ። ተንሳፋፊዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ያንሱ፣ ይልቀቁ። አዳፕተሩን ነቅለው ይሰኩ። የዩኤስቢ ገመዱን ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ይንቀሉ። በመጨረሻም የእያንዳንዱን ትልቅ ተንሳፋፊ ሽቦ በየተራ ይንቀሉ። ተንሳፋፊው ሲቆርጥ፣ አዳፕተሩ ሲነቀል ወይም የተንሳፋፊው ሽቦ ሲነቀል በአንዱም ላይ አምፖሉ ሳይጠፋ ከቀረ ፓምፑን አያገናኙ፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ላይ ተሳስቶ ታስሯል።